ከፎቶው ዳር የሚቆመው

ወላሂ ይሄ ታሪክ እውነት ነው።

ሸሪፍ ውሸታም ነው የሚላችሁ አይጠፋም። ልክ ነው። "የእኛ ካሜራ ኪስ ውስጥ ያለውን ያሳያል" ብዬ ሰፈሩን አሳምኜ፣ ሰው ኪሱን እያራገፈ ፎቶ ሲነሳ ስስቅ የከረምኩ ሰው ነኝ። ትምህርቱንም ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም።

ይሄኛውን ግን አልፈጠርኩትም።

ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ደርግ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ... ከእንጦጦ ማርያም ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ።

ማታ ቢሆን ኖሮ "ጨለማው ነው" ብዬ እተወው ነበር።

ያኔ መገናኛ አካባቢ ጋሽ ገረሱ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ጋ እሠራለሁ። ሰፋ ባለ ፊልም የምትሠራ፣ የምትታጠፍ ካሜራ አለቻቸው። ፎቶዋ ካሬ ነው፤ አራቱም ጎን እኩል። ውስጧ አንዲት ስስ ቆርቆሮ ካስገባህባት ግን ግራና ቀኙ ይጠብና ፎቶው ቁመታም ይሆናል። ቆርቆሮዋን ማጥበቢያ ነው የምንላት።

እኔ ቁመታሙን ነው የምወደው። ሰው ያሳምራል። ደግሞ ከአንድ ጥቅል አሥራ ሁለት የሚወጣው አሥራ ስድስት ይሆናል። ፊልም እንደ ስኳር በጠፋበት ዘመን!

ጋሽ ገረሱም ቤት ውስጥ በማጥበቢያዋ ያነሳሉ። እንጦጦ ሲወጡ ብቻ አይነኳትም። በካሬ ያነሱና፣ ካተሙት በኋላ ዳሩን በመቀስ ይቆርጡታል።

"ጋሼ፣ ለሚቆረጥ ዳር ምን ፊልም ያስጨርሳል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ዳር የሚቆም አለ።"

"ማን?"

"ቦታ ከተውክለት ዳር ይቆማል። እዚያው ይቀራል።"

"ካልተውኩለትስ?"

መቀሱን አስቀመጡ።

ሳቄ መጣ። እኔን ሊያሞኙ!

በዚያ ሰሞን አብሮ አደጌ ሙዘይን ብሔራዊ ውትድርና ደረሰው። ሰኞ ይሄዳል። እናቱ እትዬ ዘሊካ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

"ሸሪፍ፣ ካልተመለስኩ እናቴ የምታየኝ ባንተ ፎቶ ነው" አለኝ። "ቁመቴ ይታይ፣ እሺ?"

"በቁመትህማ የስልክ እንጨትም ይቀናል።"

ማጥበቢያዋን አስገባኋት።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በእግር ወጣን። የአጎቱን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮት አንጓው ይታያል። ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኩት።

ቀጭ።

"ሸሪፍ" አለኝ ፈገግ እንዳለ፣ "ሰውዬውን ራቅ በል በለው።"

"የቱን ሰውዬ?"

"ከጎኔ የቆመውን።"

ቀና ብዬ አየሁ... ማንም የለም።

"ሂድ ወዲያ! የአታላዮቹን አለቃ ልታታልል?"

"ወላሂ... ትከሻዬን ይዞኛል።"

ቀጭ።

ሙዘይን ወደ ጎን ተንገዳገደ። ነፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ወፎቹም ዝም ብለዋል... መቼ ዝም እንዳሉ እንኳ አላስታውስም።

"ይብቃ" አለኝ በሹክሹክታ። "እንሂድ።"

"አንድ ብቻ። አትነቃነቅ።"

ቀጭ።

ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ መሀል ላይ ቆሟል። ቀጥ ብሎ። ፈገግ ብሎ።

"ጨረስን?" አለኝ።

ድምፁ የሙዘይን ነው። መልኩም የሙዘይን ነው።

የኮቱ እጅጌ ግን... ልኩ ሆኗል።

ቁልቁል ስንወርድ ከኋላችን፣ ከዛፎቹ ውስጥ፣ አንድ ሰው ስሜን ጠራ።

"ሸሪፍ..."

አብሮኝ የሚሄደው ክንዴን ያዘኝ።

"አትዙር" አለኝ።

አልዞርኩም።

በማግስቱ ፊልሙን አጠብኩና አተምኩት።

አንደኛው ላይ ሙዘይን መሀል ቆሟል። ትከሻው ላይ ከፎቶው ውጭ የመጣ እጅ አርፏል።

ሁለተኛው ላይ ሙዘይን ወደ ዳር ተገፍቷል። አጠገቡ ጀርባውን የሰጠ ሰው አለ።

ሦስተኛው ላይ መሀል የቆመው ኮት የለበሰ፣ ፈገግ ያለ ሰው ነው። እጅጌው ልኩ ነው። ዳር ላይ ደግሞ ሙዘይን... ግማሽ ፊቱ ከፎቶው ወጥቷል። አፉን ከፍቷል።

ጋሽ ገረሱ አዩት። አልተቆጡኝም። ማጥበቢያዋን ከካሜራው አውጥተው በፒንሳ አጣመሟት።

"ዳሩን ነሳኸው፤ መሀሉን ወሰደ" አሉኝ ቀስ ብለው።

እኔም ምናልባት አብጄ ይሆናል አልኩ። እናት ልጇን አትስትም። እሳቸው ይፍረዱ ብዬ ሦስተኛውን ፎቶ ይዤ ጉርድ ሾላ፣ እትዬ ዘሊካ ቤት ሄድኩ።

እሱ፣ ያ አብሮኝ የወረደው፣ ከኋላቸው መደቡ ላይ ተቀምጧል።

እትዬ ዘሊካ ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት።

"ልጄ አምሮበታል" አሉ። "ይሄ ዳር ያለው ነው የሚያበላሸው። ቁረጥልኝ።"

መቀስ ሰጡኝ።

ቆረጥኩት።

ሰኞ ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኘው ወጣ። እትዬ ዘሊካ ብቻ አልወጡም።

ይኸው ነው። ወላሂ ብዬ ጀምሬ በውሸት ከምጨርስ ግን አንዱን ላውጣው... አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ።

"ቁረጥልኝ" ያሉት እትዬ ዘሊካ አይደሉም። ያለው እሱ ነው። መቀሱንም ያቀበለኝ እሱ ነው፣ ፈገግ እንዳለ።

እሳቸው "ልጄ አምሮበታል"ም አላሉም። አውራ ጣታቸውን ዳር ባለው ግማሽ ፊት ላይ አሳርፈው፣ እንባቸው ብቻ ይወርድ ነበር።

ቁራጯ ወለሉ ላይ ስትወድቅ ጎንበስ ብለው አነሷት። እሱ ሳያይ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።

ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ።

ቋጠሮዋ እንደ ልብ ትር ትር ትላለች።