ጌቶች መርፌ ሲጀምሩ

መርፌው ክዳኑ ተነቅሎ ሽቦ በምትባለው ልጅ ጣቶች መሀል ነው። ድመቱ፣ ጌቶች፣ ጭንቅላቱን ሳህኑ ውስጥ ቀብሮ ይበላል። እናቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዓይኖቿን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ በጣቶቿ መሀል ግን አጮልቃ ታያለች።

«ጨረስሽ?» አለች እናቷ።

«ገና አልጀመርኩም።»

«እንግዲያው ስትጨርሺ ንገሪኝ።»

ሽቦ የቤት ስሟ ነው። ቀጭን ስለሆነችና አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል አባቷ አወጣላት፤ ስሙም ተከትሏት ትምህርት ቤት ገባ። ድመቱንም «ጌቶች» ያለው አባቷ ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከዓመታት በፊት ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተር ሥር ተወሽቆ ያገኘውን ግልገል በኮቱ ኪስ ይዞ መጣ። ግልገሉ ከኪሱ እንደወጣ ቤቱን እንኳ ዞሮ ሳያይ ሶፋው ላይ ወጣና የአባትየውን ቦታ ያዘ። «ይቀመጡ ጌቶች፣ እኛ እንቆማለን» አለ አባቷ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ድመቱን አንተ ብሎ የሚጠራ የለም። ጌቶች ተነሱ፣ ጌቶች ተቆጡ፣ ጌቶች መጋረጃ ቀደዱ ነው የሚባለው።

በቅርቡ ግን ጌቶች ውሃ መጠጣት አበዙ። የውሃ ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። ድመቱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን ይልሳል። አሸዋው ጠዋት ተቀይሮ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይሆናል። እየበላ ይከሳል። ድሮ ሳያስበው የሚዘልለው ሶፋ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ያያል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። እናቷ «አርጅተው ነው» አለች። ሽቦ ግን ስታቅፈው የጀርባው አጥንት እጇን ቆረቆራት። በነጋታው ካርቶን ውስጥ አድርገው ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰዱት።

ሐኪሟ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታወራ ሴት ናት። ከድመቱ ጆሮ ጠብታ ደም ወሰደች፣ ሽንቱንም መረመረች።

«ስኳር ነው» አለች።

«እንደ ሰው?» አለች ሽቦ።

«እንደ ሰው። የሚበላው ወደ ጉልበት አይቀየርለትም፤ ለዚህ ነው እየበላ የሚራበው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ከተወጋ ግን ገና ብዙ ዕድሜ አለው።»

«ማነው የሚወጋው?» አለች እናቷ።

ሐኪሟ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ከእናንተ አንዳችሁ።»

የሽቦ እናት ልብስ ሰፊ ናት። የሳሎናቸው ግማሽ የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ክምሯ ነው፤ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ከደንበኛ ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች። በመርፌ ነው የምትኖረው ቢባል ውሸት አይደለም። ነገር ግን መርፌው ሥጋ ሊነካ ከሆነ ማየት አትችልም። ሽቦ ሕፃን ሳለች ልትከተብ የሄዱ ዕለት ራሷን ስታ የወደቀችው እናትየው ናት፤ ሽቦ አላለቀሰችም አሉ። አባቷ ደግሞ ፈረቃው አይጨበጥም፤ አንዱን ሳምንት ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሌላውን ሳምንት ሁሉም ከተኛ በኋላ ይገባል።

«እኔ እወጋዋለሁ» አለች ሽቦ። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ብርቱካን አምጥታ እሱን እያስወጋች አለማመደቻት። የመድኃኒቱ ብልቃጥ አይናጥም፤ በመዳፍና በመዳፍ መሀል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል። ቦታው የፍሪጅ በር ላይ ነው። ድመቱ መጀመሪያ ይበላል፣ ካልበላ አይወጋም፣ ይደወልላታል። ከተንገዳገደ ወይም ከዛለ ድዱ ላይ ማር ይቀባና ወዲያው ወደ ክሊኒክ። «አንድ ነገር ደግሞ» አለች ሐኪሟ ሲወጡ። «መድኃኒቱ መግባት አለመግባቱን ከተጠራጠርሽ አትድገሚው። አንዴ ቢያመልጠው ይችለዋል። እጥፍ ከሆነ ግን ይጥለዋል።»

አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ብርቱካኑ የለም፤ ያለው ጌቶች ነው። ሽቦ በግራ እጇ የትከሻውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አነሳችው። ቆዳው እንደ ትንሽ ድንኳን ቆመ። መርፌው ከፀጉር ትንሽ ወፈር ቢል ነው። ትንፋሿን ያዘች፣ አስገባች፣ ገፋች፣ አወጣች። ጌቶች ጭንቅላቱን ከሳህኑ ቀና እንኳ አላደረገም።

«በቃ» አለች።

«ምን በቃ? አልጮኹም እኮ።»

«አላወቁም፣ እማ።»

እናቷ እጇን ከፊቷ አወረደች። ድመቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ሽቦ በሕይወቷ ሰዓት አክብራ አታውቅም ነበር፤ አሁን ማንቂያው ሳይጮህ ትነሳለች። አባቷ ቤት ባለበት ማለዳ በሯን ያንኳኳና «ዶክተር፣ በሽተኛዎ ተርበዋል» ይላታል። ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ ወሬ ስለማይቋረጥባት «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ፣ ነገሩን ከእረፍት ሰዓት በፊት ለክፍሉ ሁሉ አዳርሳው ነበር። «ዶክተር ሽቦ» ተብላ ቀረች። ሽቦም «አቦ ተዉኝ» ትላለች እንጂ አልከፋትም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጌቶች የቧንቧውን ውሃ መላስ ተወ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሶፋው ላይ፣ በጥንቱ ቦታው፣ ሆዱን ገልብጦ ተኝቶ አገኘችው። ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቡ ቁጭ አለች።

አንድ ማታ ግን ነገር ተበላሸ። መርፌው ገና ቆዳው ላይ ሳለ የጎረቤት በር በነፋስ ተላተመ። ጌቶች ዘለለ። ሽቦ ሳታስበው መግፊያውን ገፋችው። ስሪንጁ ባዶ ነው፤ መድኃኒቱ የት እንደገባ ግን አታውቅም። የድመቱን ትከሻ ዳሰሰች፣ ጣቷ ረጠበ። አሸተተችው፤ የመድኃኒት ሽታ አለው።

«ፈሰሰ» አለች።

«ሁሉም?»

«አላውቅም። ከፊሉ ሳይገባ አይቀርም። ምናልባት ምንም አልገባም።»

«ድገሚለታ» አለች እናቷ። እናቷ ስትደነግጥ አንቱታው ይጠፋባታል። «ባዶውን ሊያድር ነው?»

«አይደገምም ብላለች።»

«የዘለለ ስፌት ይደገማል፣ ልጄ። ዝም ከተባለ ልብሱ ይተረተራል።»

«ይሄ ስፌት አይደለም፣ እማ።»

ሐኪሟ ጋ ደወሉ፤ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ ስልኩን የሚያነሳ የለም። ጌቶች ወደ ውሃ ሳህኑ ሄዶ ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠጣ። ሽቦ አዲስ ስሪንጅ ከማሸጊያው አውጥታ በእጇ ያዘች። ቢፈስስበትስ፣ ሌሊቱን ቢጠማውስ፣ ነገ ሶፋው ሥር ቆሞ ቢያስብስ? ደግሞ ገብቶለት ቢሆንስ? የድመቱን ምላስ ውሃው ላይ አየች። ዝም ብሎ ማየት ከመውጋት እንደሚከብድ አስባውም አታውቅ ነበር።

ብልቃጡን አንስታ ፍሪጁ በር ላይ መለሰችው። ስሪንጁንም መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

«አልደግምም» አለች።

እናቷ የልጇን ፊት አይታ የውሃ ሳህኑን ሞላች።

ጠዋት ጌቶች እንደ ወትሮው ሳህኑ አጠገብ ተቀምጦ «ቁርስ ዘገየ» በሚል ዓይን ጠበቃት። ሐኪሟ ስልኩን ስታነሳ ሽቦ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረቻት። «ደግ አደረግሽ» አለች ሐኪሟ። «ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንኳ እዚያ ላይ እጃቸውን አይገቱም።» እናቷ ስልኩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትሰማ ነበር። ሄዳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ መኪናው ግን ብዙ ቆይቶ ነው መጮህ የጀመረው።

በወሩ መጨረሻ የሽቦ ክፍል ተማሪዎች ወደ ሐይቅ ሊሄዱ ሆነ። ሁለት ሌሊት፣ ድንኳን፣ ዋና፣ መረብ ኳስ። ሬዲዮ በአውቶቡሱ የመስኮት ወንበር ለሁለቱ አስይዛለች።

«አልሄድም» አለች ሽቦ ቤት ስትገባ። «ጌቶችን ማን ይወጋቸዋል?»

ይህን ስትል ደረቷ ትንሽ ነፋ ብሎ ነበር። አባቷ በዚያ ሳምንት የማታ ፈረቃ ላይ ነው፤ ልቀይር ቢል የሚቀይረው አጣ። ክሊኒክ ይደር ቢባል ጌቶች ካርቶኑን ገና ሲያይ አልጋ ሥር የሚገባ ፍጡር ነው።

እናቷ የምትሰፋውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አስተምሪኝ» አለች።

«አንቺ አትችዪም» አለች ሽቦ። በጣም ፈጥና ነው ያለችው። እናቷ ቀሚሱን አንስታ ስፌቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ሬዲዮ ይህን ስትሰማ የምታኝከውን ማስቲካ አቆመች፤ ይሄ ብርቅ ነው።

«እናትሽ አስተምሪኝ አለች፣ አንቺ እምቢ አልሽ?»

«መርፌ ትፈራለቻ።»

«አንቺም ትፈሪ ነበር። አታካብጂ፣ ሽቦ። ድመቱ ነው አንቺን የሚፈልግሽ ወይስ ዶክተር መባሉ ነው ያማረሽ?»

ሽቦ ቀድማት ወደ ክፍል ገባች። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ተከተላት። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩ ሲጠሯት አልሰማችም። እናቷ በጣቶቿ መሀል እያጮለቀች ያየችበትን ጠዋት አሰበች። ከዚያ ወዲህ እናቷ አንድም ቀን ወጥ ቤቱን ጥላ አልሄደችም፤ በየቀኑ፣ እየፈራችም፣ በሩ ላይ ነበረች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ብርቱካን ገዛች።

ብርቱካኑ ላይ እናቷን ማስተማር አላስፈለገም። ስሪንጁን እንደያዘችው ልኩን አገኘችው፤ ማስገባቱም ማውጣቱም አንድ ጊዜ ሆነ። «ይሄማ ቀላል ነው» አለች። ማታ ጌቶች ሳህኑ ላይ ሲደፋ ግን እጇ አየር ላይ ቆመ። ጌቶችም እንደተጠራጠረ ሁሉ መብላቱን ትቶ ዞሮ አያት።

«አልችልም» አለች እናቷ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጨርቅ ስትወጊው ዞሮ አያይሽም። ይሄ ያየኛል።»

የሽቦ እጅ ስሪንጁን ሊቀበል ተዘረጋ። ልማድ ሆኖባታል፤ ከእናቷ ጣቶች ወስዳ ባንድ አፍታ ልትጨርሰው ትችላለች። እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ወለሉ ወረደች፣ ከሳህኑ ወዲያ ማዶ በደረቷ ተኛች፣ የድመቱን አገጭ ማከክ ጀመረች።

«ጌቶች፣ እኔን ይዩኝ እስቲ» አለች። «ዛሬ ሒሳብ ላይ አዋረዱኝ። ልንገርዎት?»

ጌቶች ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ፤ ማከኩን ይወዳል። እሷም ስለ ሒሳቡ ነገረችው፣ ስለ ሬዲዮ ማስቲካ ነገረችው። ቀና ብላ አላየችም። ከድመቱ ጆሮዎች በላይ የእናቷ ጣቶች ብቻ ይታያሉ፤ ቆዳውን እንደ ጨርቅ እጥፋት ቀስ አድርገው ሰበሰቡት። እጥፋቱ የሽቦ እጅ እስከ ዛሬ ካነሳው ሁሉ ያምር ነበር። ይህን ስታይ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት፣ ወዲያው ግን ፈገግ አሰኛት።

ጌቶች ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

እናቷ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ጀርባዋን ለቁም ሳጥኑ ሰጠች። ስሪንጁን አየችው፤ ባዶ ነው። ትከሻውን ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እስኪመጣ። «ጌቶች» አለች፣ «ላሳዩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ።»

እስከ ጉዞው ቀን ድረስ ጠዋቱ የሽቦ፣ ማታው የእናቷ ሆነ።

ሐይቁ ዳር ፀሐይ እንደጠለቀች ነፋሱ ቀዘቀዘ። ልጆቹ ድንኳኖቹ ፊት ለፊት መረብ ወጥረው ይጫወታሉ። ሽቦ ግን ከእነሱ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ይዛለች። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። «በልተዋል?» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ብልቃጡን እንዳትናጪው» ብላ ጻፈች። አነበበችው፣ ጣቷን መላኪያው ላይ አቆየችው፣ እሱንም አጠፋችው። ከዚያ ስልኩን ጭምር ዘጋችና በሹራቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሬዲዮ ኳሱን በብብቷ ይዛ እያለከለከች መጣች። «ደወልሽ?»

«አልደወልኩም።»

«ለምን?»

«እማ አሁን ሥራ ላይ ናት» አለችና ኳሱን ተቀበለቻት።