የአብዱሰመድ መብራት

ዱኒያ አባቷን ተከትላ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው የመብራት ጠጋኙ የዳሂር ቦታ የሄደችው ለጠብ ተዘጋጅታ ነው። አባቷ አብዱሰመድ ነጋዴዎችን ወደ ዋሂል ገበያ የሚያመላልስባት ኮሮላ መኪና የፊት መብራቶቿ ቢጫ ሆነው ደብዝዘዋል። አንዱ መካኒክ «በአዲስ ካልተቀየሩ ዋጋ የላቸውም» አላቸው። ሌላው በጥርስ ሳሙና አሸላቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ደበዘዙ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያታልላቸው አልፈለገችም።

ዳሂር ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ወጥቶ ጎንበስ አለና መብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ውስጡ ደህና ነው፤ የተቃጠለው ላዩ ነው» አለ። «ፕላስቲክ ነው ጋሽ አብዱሰመድ። ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ነበረው፤ የድሬ ፀሐይ በላው። እርስዎም ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉታል መሰለኝ።»

አብዱሰመድ ከት ብሎ ሳቀ። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው የሚባባለው።

«አቦ፣ ምን አድርጌህ ነው ‹እርስዎ› የምትለኝ? እንዲህ የሚል ሰው ወይ ዋጋ ሊቆልል ነው፣ ወይ ልጅ ሊጠይቅ ነው!»

ዳሂር ቀና ሲል ዓይኑ ከዱኒያ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ መብራቱ ተመለሱ።

ዳሂር ውሃ እያፈሰሰ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀው ጀመር። መብራቱ ይባስ ብሎ እንደ ወተት ነጣ።

«አበላሸኸው!» አለች ዱኒያ።

«ትንሽ ታገሺኝ።»

ወረቀቱን በለሰለሰ ለወጠ፣ ከዚያም በሌላ ለወጠ፤ በመጨረሻ በፖሊሽ አሸው። ከነጩ ሥር ብርሃን የሚያስገባ ጥርት ያለ ገላ ብቅ አለ። ዱኒያ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ተጠጋች። ዳሂር ክሊር የሚባለውን ጥርት ያለ መከላከያ ቀብቶ እስኪደርቅ ጠበቀና፣ «ከእንግዲህ ከፀሐይ ጠብቁት» አለ። «ጥላ ካለ ጥላ ሥር ይቁም፤ ከሌለ ጨርቅ ይልበስ። ሲታጠብም በውሃና በለስላሳ ሳሙና እንጂ በደረቁ አይጠረግ።»

«ጨርቁን ለእኔ ተወው» አለች ዱኒያ። መጋላ ሰፈር ውስጥ መጋረጃ እየሰፋች ትተዳደር ነበር።

ከላይ ወፍራም ነጭ ጨርቅ፣ ከውስጥ ለስላሳ፣ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው የመብራት ልብስ ሰፍታ መጣች። ዳሂር አልብሶ አወለቀውና አሸዋ ይዞ መብራቱን እንዳይፍቅ በየጊዜው እንዲታጠብ ነገራት። ሌሎች ሾፌሮች ኮሮላዋን አይተው «ለእኛም!» አሉ። ዱኒያ ወደ ሳቢያን የምትመላለስበት ምክንያት አገኘች።

አንድ ከሰዓት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደረሰች።

«ዛሬ ደግሞ የማን ነው?» አለ ዳሂር።

«መጠን ልለካ ነው የመጣሁት።»

«የየትኛውን መኪና?»

ዱኒያ ዙሪያዋን አየች። ቦታው ላይ አንድም መኪና አልነበረም። ፊቷ ጋለ። ዳሂር ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልሆነለትም፤ እሷም አብራው ሳቀች።  ስትሄድ ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ ረሳችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዱሰመድ ብቻውን መጣ።

«ዳሂር፣ ምንድን ነው የሠራህልኝ? መሸት ሲል መንገዱ ጉም ነው የሚመስለኝ።»

ዳሂር መብራቱን መረመረ፤ ምንም እንከን አልነበረውም። አመሻሹ ላይ አብሮት ለመሄድ መኪናው ውስጥ ገባ። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ከፊታቸው የአህያ ጋሪ ነበር። ዳሂር ከሩቅ አይቶታል፤ አብዱሰመድ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም።

«ፍሬን ይያዙ!» ብሎ ጮኸ ዳሂር።

መኪናዋ ከጋሪው አጠገብ ተንሸራታ ቆመች። 

«ጋሽ አብዱሰመድ፣ መብራቱ ጠርቷል» አለ ዳሂር ቀስ ብሎ። «ዓይንዎን ይታዩ።»

«ዱኒያ እንዳትሰማ» አለ አብዱሰመድ በመጨረሻ። «እናቷን ቀብራ ገና መሳቅ መጀመሯ ነው። ሌላ ጭንቀት አልጨምርባትም። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች፣ መሪ አልነካም፤ ወላሂ። ሐኪም ዘንድም እሄዳለሁ። አንተም ቃልህን ስጠኝ።»

ዳሂር ቃሉን ሰጠ።

አብዱሰመድ ግን ቃሉን አልጠበቀም። ገበያ ያስመሸው ተሳፋሪ ሲለምነው እምቢ ማለት አቃተው። አነዳዱ ያስፈራቸው ነጋዴዎች ሳቢያን ላይ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት ሲወቅሱት፣ ሐፍረት ይዞት እጁን ወደ ዳሂር ቀሰረ።

«እኔ ምን ላድርግ? መብራቴን ያበላሸው ይሄ ነው!»

ዳሂር ቀና ብሎ አየው። ከዚያም ወደ ሥራው ተመልሶ ጎነበሰ።

ወሬው መጋላ ደረሰ። ዱኒያ እየሮጠች መጣች።

«እውነት ነው? አበላሽተኸው ነው?»

ዳሂር መሬት መሬቱን አየ።

«ተናገር እንጂ! አይደለም በለኝ፤ አምንሃለሁ።»

ዳሂር ጨርቅ አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። ዱኒያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሜትሯን አነሳችና ሄደች። ከዚያ በኋላ የሾፌሮቹም መኪና፣ የእሷም እግር ከዚያ ቦታ ቀረ።

የዘመድ ሠርግ ዋሂል ላይ ነበር። አባትና ልጅ ሲመለሱ ፀሐይ ጠለቀች። ዱኒያ ከጎኑ ተቀምጣ መንገዱን እያየች ነበር፤ የኮሮላዋ መብራት አስፋልቱን ጠርጎ እስከ ሩቅ ያሳያል። ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ አየች። አባቷ እንዳያቸው እርግጠኛ ስለነበረች ዝም አለች። ግመሎቹ ተቃረቡ። አባቷ አሁንም አልቀነሰም።

«አባ! ግመል!»

የፍሬኑ ጩኸት በረሃውን ሰነጠቀው። አንድ ግመል አንገቱን በመኪናዋ አፍንጫ ላይ አሻግሮ፣ መብራቱን ተመልክቶ አለፈ።

«እንዴት አላየሃቸውም? እንደ ቀን እኮ ነው የሚታየው!»

አብዱሰመድ ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ።

«ልጁ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ነግሮኝ፣ እኔ አፉን ዘጋሁት።»

ዱኒያ ወርዳ ዞረች፤ የሾፌሩን በር ከፈተች። አባቷ ወደ ጎን ወንበር ተሻገረ። ድሬ ድረስ እሷ ነዳች።

በማግስቱ ዳሂር ዘንድ ስትደርስ ልትቆጣውም፣ ልታቅፈውም ፈልጋ ነበር።

«ታውቅ ነበር። ሰው ቢሞትስ?»

«ማታ አይነዳም ብዬ ነበር። ማለልኝ። መንዳቱን ስሰማ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አጥፍቻለሁ።»

«ስምህንም አጠፋው።»

«ስሜ በሥራ ይመለሳል። አባትሽን በሾፌሮች ፊት ‹ዓይንዎ አያይም› ብለው ክብሩን በምን እመልስለታለሁ?»

የዱኒያ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። «ለእኔ እንኳ ዝም አልክ። እሱ ነው የጎዳኝ። ከእንግዲህ ምንም ነገር ቢሆን እንዳትደብቀኝ።»

ዳሂር በፖሊሽ የነጡ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እንግዲያው አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ያን ቀን መኪና ሳይኖር ልትለኪ የመጣሽ ቀን... ስትሄጂ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። እስካሁንም አልቻልኩም። እወድሻለሁ ዱኒያ።»

 ዱኒያ እጇን ዘርግታ የቆሸሸ እጁን ያዘች፤ አልለቀቀችውምም።

ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል» አለ። የመጀመሪያው ዓይኑ ተቀዶ ፋሻው በተፈታ ሰሞን፣ አብዱሰመድ ልጁ እየነዳችለት ሳቢያን ሄደ። ሾፌሮቹ በተሰበሰቡበት ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሙኝ! የዚህ ልጅ ሥራ እንከን የለውም። የደበዘዘው የእኔ ዓይን ነው። ዋሽቼበታለሁ፤ አውፍ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።»

ዳሂር ቀርቦ ትከሻውን ሳመው። ብዙም ሳይቆይ የዳሂር ሽማግሌዎች አብዱሰመድ ቤት ገቡ። እሱም ተቀበላቸው፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀ።

«ኒካሁ ሁለተኛው ዓይኔ እስኪሠራ ይቆይ። ልጄን በግማሽ ዓይን አልድርም።»

ጠበቁት። የኒካሁ ዕለት ዱኒያ በሴቶች እልልታ መሐል ስትወጣ አብዱሰመድ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሻሿን ሳይነካ፣ ፊቷን ብቻ በቀስታ በሁለት እጁ ያዘ።

«እያለቀስሽ ነው» አለ።

«አይ አባ፣ አላለቀስኩም።»

«አትዋሺኝ» አላት። «አየሁሽ።»