ያልተንቀጠቀጠው እጅ

ጋሽ ሞገድ በባሕሩ ዳር ባለው አሮጌ የቴሌግራፍ ክፍል፣ ከሬዲዮ ማሰራጫው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ኤሌክትሪክ ገድሏቸው ተገኙ። የማሰራጫው በር ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መጠበቂያ እንዳያቋርጥ በሽቦ ታስሮ ነበር።

«ሰው በገዛ ቤቱ ለራሱ ወጥመድ አያጠምድም» አለ መርማሪው ሽቦውን እያስተዋለ።

ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖታል። ኮረብታው ላይ የራዳሩ አንቴና የጠፋበትን እንደሚፈልግ ሰው ይዞራል። እውነትም ባለፈው ወር አንዲት መርከብ ከነሰዎቿ በዚህ ጭጋግ ውስጥ ሰጥማለች፤ ጋሽ ሞገድም ነገ ለአጣሪዎች ቃላቸውን ሊሰጡ ነበር።

«በምሳ ሰዓት በሕይወት ነበሩ» አለ የጣቢያው መካኒክ። «እኔና ልጃቸው ራዳር ክፍል ሳለን በሞርስ፣ በቴሌግራፉ ምት ጠሩ፤ ‹ምሳዬን አምጪልኝ› አሉ። የቴሌግራፈኛ ምት እንደ ድምፁ ነው፤ የእሳቸው ደግሞ እንደ ከበሮ ጥርት ያለ!»

«አንተስ ትመታለህ?»

«እኔማ እሰማለሁ እንጂ፣ ስመታ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ነው የሚመስለው።»

«ከጥሪው በኋላ ማን ገባ?»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «ልጅቱ ብቻ። አለቃችን ጠዋት ጎብኝተዋቸው ወደ ቢሮአቸው ተመልሰዋል።»

ፖሊሶቹ ልጅቱን ሊያስሯት ካቴና ይዘው ደጅ ቆመዋል። የራዳር ሠራተኛ የሆነችው የጋሽ ሞገድ ልጅ የምሳ ዕቃውን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«አይዞሽ ልጄ፤ የሰማሽውን ንገሪኝ» አላት መርማሪው።

«አብዳለች ይሉኛል እንጂ፣ ጠሪው አባቴ አልነበረም። ነፍሱ ናት። ስደርስ ገላው ቀዝቅዞ ነበር።»

«በምን ለየሽ?»

«እጁ ዘንድሮ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ስለሚያፍር፣ ከእኔ በቀር ሰው እየሰማው መምታት ትቷል። የዛሬው ግን ልጅ ሳለሁ የማውቀው እጅ ነው። ከሞት ወዲያ የተፈወሰ እጅ!»

መርማሪው ከሙታን ይልቅ ሕያዋንን መፍራት ልማዱ ነበርና ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የሞርስ መምቻው እጀታ የሚንቀጠቀጥ ጣት እንዳያመልጠው በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሏል። ልጅቱ እውነቷን ነው።

ሁሉንም ራዳር ክፍል ሰበሰባቸው። አለቃው በወጣትነቱ የጋሽ ሞገድ ደቀ መዝሙር የነበረ፣ ብዙ ዓመት ርቆ በቅርቡ የተመለሰ ሰው ነው።

«ምስኪን፣ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል» አለ።

«ከሁላችንም አጥርታ የሰማች እሷ ናት» አለ መርማሪው። «ጠሪው የአዛውንቱን የጥንት እጅ ያውቃል፤ መንቀጥቀጡን አያውቅም። እንግዲያስ ጋሽ ሞገድ ከጥሪው በፊት ሞተዋል። ጥሪው ሲሰማ ልጅቱና መካኒኩ አብረው ነበሩ፤ ሊጠሩ አይችሉም። ጠዋት የገቡት እርስዎ ነዎት፤ ቢሮዎም ሬዲዮ አለው፤ በምሳ ሰዓት በሕይወት ያሉ ለማስመሰል የጠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ሞርስ ከረሳሁ ዘመን የለውም!»

መርማሪው ለልጅቱ በዓይኑ ምልክት ሰጣት። እሷም አባቷ ደቀ መዛሙርቱን ይጠራበት የነበረውን ‹ትሰማለህ?› የሚል ጥሪ ጠረጴዛው ላይ በዝግታ መታች። የጋሽ ሞገድ ትምህርት አንድ ሕግ ነበረው፤ የተጠራ ሳይመልስ አይቀርም። ለሕጉ ያልታዘዘ ጣት በማስመሪያ ይገረፍ ነበር።

አለቃው ከንፈሩን ነከሰ። ጣቱ ግን ከፈቃዱ ቀድማ ጠረጴዛውን መታች። ጥርት ያለ፣ እንደ ከበሮ። የሞተው ሰው እጅ በክፍሉ ተሰማ፤ መካኒኩ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ።

«ራዳሩ ላይ የሰጠመችውን መርከብ አይተህ ‹ወፎች ናቸው› ብለህ አለፍክ» አለች ልጅቱ፤ አለቃዋን ‹አንተ› ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። «የድረሱልኝ ጥሪዋን አባቴ በአሮጌ መቀበያው ሰምቷል። ነግሮህም ነበር። ነገ ይህንኑ ሊናገር ነበር።»

አለቃው እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ። ፖሊሶቹ ጎትተው ካቴናውን ሲያስገቡለት፣ ጣቱ በብረቱ ላይ አሁንም ትመታ ነበር።

«ምን እያለ ነው?» አለ መርማሪው።

ልጅቱ ፊቷን ወደ ጭጋጉ መለሰች።

«‹እሰማለሁ› ነው የሚለው።»