ሁለተኛው ክፍል የታየ ዕለት

ፊልሙ ውስጥ ናኦ በሩን የምትዘጋበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ረድዋንን ሁልጊዜ ያስነጥሰዋል። ትርሲትንም አፍንጫዋን አብሮ ይበላታል፤ «ይማርህ» ትለዋለች። እሱ ወራቤ፣ ቤቱ ውስጥ፤ እሷ ደግሞ ከጨረቃ ጀርባ፣ ምድር ፈጽሞ በማትታይበት ወገን። ጉንፋን የማይለቀው ምስኪን እያለች ታዝንለታለች።

የሚያገናኛቸው «አብሮ-ገብ» የተባለ ስስ ቆብ ነው። ይህን ያጠለቁ ሰዎች አንድ ፊልም ሲያዩ፣ የአንዱ ድንጋጤ የሌላውን ልብ ይመታል፤ የአንዱ ሳቅ የሌላውን ጎን ይኮረኩራል። ድምፅም መልክም አያሻግርም፤ ስሜት ብቻ።

ትርሲት የራዲዮ ቴሌስኮፕ ጠባቂ ናት። ጣቢያው ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም፤ ያሏት ቢኖሩ ሰባት ማኅበርተኞቿ ናቸው። እንደ ማንኛውም ማኅበር የእነሱም በወር በወር ይዞራል። ባለተራው ፊልሙን ይከፍታል፣ መስመሩን ያስተካክላል፣ እንግዶቹን ይቀበላል። የሚያዩት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «የጥልቁ ጠባቂ» የተባለውን አኒሜ፣ ጃፓኖች በሥዕል የሠሩትን ጥንታዊ ፊልም። ናኦ የምትባል ልጅ ተራራ የሚያህል የብረት አካል እየነዳች የመጨረሻውን ባሕር ትጠብቃለች። ጎርፉ ሲመጣ ከተማውን ለማዳን በሩን ትዘጋዋለች፤ ከውጭ በኩል። እዚያ ላይ የማይንቀጠቀጥ ማኅበርተኛ የለም።

ከእትዬ ዘነበች በቀር። እሳቸው አንዱን ወር ያዛጋሉ፣ ሌላውን ወር ይርባቸዋል። አንድ ጊዜማ እግራቸውን አሳክኳቸው፣ ትርሲት በናኦ መሥዋዕትነት ፊት ቁርጭምጭሚቷን ስታክ ቆየች። እኚህ ሴትዮ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ እያለች ትበሳጭባቸው ነበር።

ከዘመናት በኋላ የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ተሠራ ሲባል ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ረድዋን «የሞተች ልጅ ከመቃብር አውጥቶ መቸርቸር ነው» ብሎ ጻፈ። «መሞቷን ማን አየ? በሩ ሲዘጋ እንጂ» ብለው የመለሱለትም ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ተነታረኩ። ትርሲት እያንዳንዱን መልእክት ሁለቴ እያነበበች ሳቀች፤ ተራው ደግሞ የእሷ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስንቅ አምጪዋ መንኮራኩር ጣቢያው ደርሳ ነበር። የትርሲት ውል አልቋል፤ ከፈለገች አብራ መመለስ ትችላለች፤ ካልፈለገች ቀጣይዋ የምትመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አለቃዋ ከምድር «ብቻሽን አይከብድሽም?» ብለው ሲጠይቋት «ማኅበር አለኝ እኮ» ብላ ለመቆየት ተስማምታለች። ፊርማዋን ነገ፣ መንኮራኩሯ ሳትነሣ ልታኖር ነው።

ፊልሙን ከፈተች። ናኦ በሕይወት አለች። አርጅታለች፤ አንድ የባሕር ዳር ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች። በሩ ተንኳኳ። ናኦ ቀና አለች፣ ተነሥታም ከፈተች፤ ማንም የለም። ትርሲት የሌሎቹ እንባ እንዲደርስ ጠበቀች። ከጨረቃ እስከ ምድር ደርሶ ለመመለስ እስትንፋስ ያህል ነው የሚፈጀው።

ምንም አልመጣም።

የተበላሸ መሰላት። ቆቡን አውልቃ አየችው፤ ደህና ነው። መስመሩን ፈተነችው፤ እሱም ደህና ነው። ይህን ስታደርግ የማኅበሩ መልእክት መጣ። ረድዋን «እንዳልኩት አበላሹት» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «አልቅሼ ሞትኩ» ብላለች። ትርሲት ቆቡን መልሳ አጠለቀችው። የሚያለቅስ ቀርቶ የተናደደ እንኳን አልነበረም።

«የማኅበርተኞቹ ስሜት የት ገባ?» ስትል የጣቢያውን ማሽን ጠየቀችው።

«ለዚህ ፊልም የተላከ ድርሻ የለም» አለ ማሽኑ።

«ድርሻ ምንድን ነው?»

«መገኘት ያልቻለ አባል በሌላ ጊዜ የተቀዳ ስሜቱን ይልካል። ለመጀመሪያው ክፍል ስድስት አባላት ልከዋል።»

«መቼ?»

«ከአራት ዓመት ወዲህ፣ በየወሩ።»

ከማኅበር የቀረ ሰው ድርሻውን ይልካል፤ ነውር የሚሆነው ባዶውን መቅረት ነው። እነሱም ደንቡን አላፈረሱም። አንዱ ሥራ በዛበት፣ አንዷ ወለደች፣ ሁሉም ሌላው አለ ብሎ ቀረ፤ ተራው ሲደርስም ፊልሙን በማሽን አስከፈተ። ሳያዩ «አለቀስኩ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ያላዩትን ፊልም ስሜት ግን ከየት ቀድተው ይላኩት? የረድዋን ማስነጠስም ያው አንዲቷ ማስነጠስ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ለቅጂ ይማርህ ስትል ኖራለች።

ትርሲት ፊልሙን አቆመችው። መናደድ ፈልጋ ነበር፤ የመጣባት ግን ብርድ የመሰለ ብቸኝነት ነው፤ ቆቡን ሳታወልቅ ተቀምጣ አለቀሰች።

ጥቂት ቆይቶ የሌላ ሰው እንባ ገባባት። የእሷ አይደለም፤ ከበድ፣ ቀስ ያለ ነው፤ ጉልበት የሚቆረጥመው ሰው ለቅሶ። ድርሻ ያልላኩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። በእጇ መዳፍ እንባዋን ጠርጋ መልእክት ጻፈች።

«እትዬ ዘነበች፣ ፊልሙ ነው ያስለቀስዎት?»

«የቱ ፊልም ልጄ? አርፍጄ አሁን መግባቴ ነው። ቆቡን ሳጠልቀው ያንቺ ሆድ መባባት ተቀበለኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ምላሹ ዘገየ፤ እትዬ ዘነበች ፊደል የሚለቅሙት በአንድ ጣት ነው።

«እኔስ? እኔም ቅጂ ነበርኩ?»

«እርስዎማ ራስዎ ነበሩ፤ ሲያዛጉ።»

«እውነት ለመናገር ያቺ ልጅና ብረቷ አይገቡኝም። የሚወደው ባለቤቴ ነበር። ሲሞት ቦታው ክፍት እንዳይሆን ብዬ ገባሁ።»

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው ድርሻ አልላኩም?»

«አንቺ ትመጪ የለም እንዴ? በሩ ሲዘጋ ሁልጊዜ ትፈሪያለሽ። የሚፈራ ሰው ጥሎ ይቀራል?»

 ትርሲት ያከከችው እግር፣ ስትበሳጭበት የኖረችው ማዛጋት፣ ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ አጠገቧ የነበረ ብቸኛው ሰው ነው። አፈረች። ከዚያም ደስ አላት፤ እሱም በቆቡ በኩል እትዬ ዘነበች ዘንድ እንደሚደርስ ታውቃለች።

«የሚመጣው ወር ተራ የኔ ነው» አሉ። «አርባ ምንጭ ነኝ። ከቻልሽ በአካል ነይ፤ ያ ቆብማ ጭንቅላቴን ያሳክከኛል።»

ውሉ ስክሪኑ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። ትርሲት ዘጋችው፤ ለመንኮራኩሯም አንድ መቀመጫ እንድትይዝላት መልእክት ላከች። ቦታ አለ፣ ተዘጋጂ የሚል መልስ መጣ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላትና ደነገጠች። ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ሲያለቅሱና ሲያዛጉ የእኚህን ሴት መልክ አንድ ቀን አይታ አታውቅም።

«እትዬ፣ ስመጣ በምን አውቅዎታለሁ?»

ፊደላቱ አንድ በአንድ መጡ።

«እኔ አውቅሻለሁ። አንቺ ብቻ ውረጂ።»