ሶናሩ የሚዋሽበት ሰዓት

ጀልባዋ ከወደቡ አፍ እንደወጣች ነፋሱ በጥፊ ተቀበላት። የሶናር ባለሙያዋ ድምፅ ወደ ውሃ ልኮ የባሕሩን ወለል የሚያሳየውን መሣሪያዋን አቅፋ ተቀመጠች፤ መሪውን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። የሚሄዱት አባታቸው ከነመርከቡ ሰጥሞ ወደቀረበት የአለት ሰርጥ ነው። መርከቡን ቀድሞ ያገኘ ከበላዩ ተንሳፋፊ ምልክቱን ተክሎ የራሱ ያደርገዋል፤ መርከቡን የሚፈልጉት አሮጌ ብረት ነጋዴዎች ከቀደሟት ግን ከነአባቷ አጥንት ቆራርጠው ይሸጡታል።

ሰርጡ ተንኮለኛ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ሰርጡ የሚፈሰው ቀላሉ የወንዝ ውሃ ከላይ ይተኛና የሶናሩን ድምፅ ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ከሥር ያለው አለት አይታይም። ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ወደ ኋላ ሲገፋው ብቻ መሣሪያው እውነቱን ያወራል። ያቺን ሰዓት ለማወቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተር ስትሞላ ኖራለች። ደብተሩን ከእሷ ሌላ ያየው ወንድሟ ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሞገዱ ሁለቴ ሊገለብጣቸው ምንም አልቀረውም። እሱ በረድ ሲል ደግሞ አንድ ሻርክ ውሃ ውስጥ ጥላው በገመድ የሚጎተተውን መሣሪያ ነክሶ ጀልባዋን በጎኗ አዘነበላት። ወንድሟ በመቅዘፊያ አፍንጫውን ደጋግሞ አቀመሰው።

«ልቀቅ አንተ ሆዳም! የሚበላ ነገር መሰለህ እንዴ?»

ሳቀች። እንደሱ ያለ ወንድም ማን አለው አለች በልቧ።

ሰርጡ ጋ ሲደርሱ የብረት ነጋዴዎቹ ጀልባ ቀድሞ ገብቷል።

«ማን ነገራቸው?»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። «አብረን እንሠራለን አሉኝ እኮ… የሰዓቱን ገጽ ብቻ ነው የገለበጥኩላቸው።»

«የመቼውን?»

«ከአራት ቀን በፊት የነበረውን።»

ክው አለች። የባሕሩ ሙላት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በዚያ ገጽ የገባ ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ቀድሟል። ሶናራቸው አሁን «ግቡ፣ ምንም የለም» እያላቸው ነው።

ለአፍታ የእጃቸውን ያግኙ አለች በልቧ። ከዚያ ሬዲዮውን አነሳች። «ተመለሱ! ከፊታችሁ አለት አለ!»

«እመቤት፣ ተቀድመሻል!» ብለው ሳቁባት።

ሬዲዮውን ወንድሟ ደረት ላይ ለጠፈችው። «የሚያምኑት አንተን ነው። ተናገር!»

«ገጹ የዛሬ አይደለም! እናቴ ትሙት፣ ተመለሱ!»

ጀልባው ዞረ። አለቱ ጎኑን ቧጥጦ አሳለፈው፤ ውሃ እያስገባ ወደ ወደቡ ሸሸ።

ባሕሩ ሲሞላ የመርከቡ ቅርጽ የሶናሩ መስኮት ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ምልክቱን በእጇ ተከለችና አለቀሰች። ለአባቷ አልነበረም፤ እሱንማ ካለቀሰችው ቆይታለች።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«መሪውን ልቀቅ።»

«ነድተሽ አታውቂም እኮ!»

«እማራለሁ» አለችው፤ ተነሳላት።