የትርንጎ ሙዳይ

በጨረቃ ላይ ባለችው ከተማ ጳጉሜን ሲገባ ሰው ቤቱን ያጸዳል፤ ማሽኖቹም ይጸዳሉ። በዚያ ዓመት ከምድር የተላከው አዲስ የጽዳት ፕሮግራም ግን ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ይመስለው ነበር። "አሥራ ሦስተኛ ወር" የሚል ቀን ያገኘበትን ፋይል ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ጠረገው።

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ለከተማዋ አየር የሚያመርተው፣ "ሳንባ" የሚሉት ማሽን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልምዱን ጠቅልሎ ያስቀመጠው በየዓመቱ ጳጉሜን ነበር። አራት ሺህ ሰው መቼ እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚሮጥ፣ ለየትኛው ሰፈር ስንት አየር እንደሚበቃ፣ ሁሉም ጠፋ። ሳንባ ምንም የማያውቅ ጨቅላ ሆነና ቆመ። የቀረው አየር ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

"አትደንግጡ፣ ሦስት ቦታ ቅጂ አለን!" አለ ዋና መሐንዲሱ ደምመላሽ። አንዱን ከፈተ፤ ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛውንም ከፈተ፤ ያው ባዶ።

"እንዴት ሦስቱም?"

"ያንተዎቹ የተመሳሰሉ ናቸዋ፣ ልጄ" አሉ የአየር ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ እትዬ ትርንጎ። "ማመሳሰል፣ ያ ሲንክ የምትሉት፣ አንዱ ጋ የተሰረዘውን ሁሉም ጋ ይሰርዘዋል። መጠባበቂያ ሌላ ነው። እንደ እድር ድንኳን ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም፣ የክፉ ቀን ለት ይወጣል።"

ይህን ብለው ከወንበራቸው ሥር ሙዳያቸውን ሳቡ። ውስጡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሳንባን ልምድ በእጃቸው የቀዱባት፣ ጥፍር የምታክል የመረጃ መያዣ አለች። ስንት ዓመት "የትርንጎ ሙዳይ" እየተባለ ተስቆባቸዋል! እሳቸው ግን አንድም ወር አላጓደሉም። እንዲህ ያለችውን ሴት ዕድሜ ይስጥልን እንጂ ምን ይባላል?

የጽዳት ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሳንባ መረጃውን ሲያገኝ አንዴ አጓራ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሥራት ጀመረ። ደምመላሽ ሰው ፊት አለቀሰ።

"እትዬ፣ ያንን ሙዳይ ጣሉት ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"ብለሃል። እኔም እሺ አላልኩህም፤ ተመስገን በል።"

በማግስቱ የከተማው ሸንጎ ተሰበሰበ። "ከእንግዲህ ሁሉ ነገር በእትዬ ትርንጎ አሠራር ይሁን! የምትደግፉ እጅ አውጡ" ተባለ። አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ያልወጣው እጅ አንድ ብቻ ነው፤ የራሳቸው የእትዬ ትርንጎ።

"ምነው እትዬ? የእርስዎ ሐሳብ እኮ ነው!" አለ ደምመላሽ።

"አውቃለሁ" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ግን ሁላችሁም ተመሳሰላችሁ። አንድ ሰው እንኳ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብዬ ነው።"