ሹክሹክታ እና የስልኩ ዘፈን

መብራቱ ቦግ ሲል አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ግማሹ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል፤ ግማሹ እንደተቀመጠ ያፏጫል። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞረው ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ «እናንተ ዋልጌዎች! ለዚህ ይፏጫል?» ይላሉ። ከፎቁ ላይ አንድ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ስልክ ይፈልግዎታል!» ብሎ መለሰላቸው። ሳቁ ጣሪያ ነካ።

ሹክሹክታ አላጨበጨበችም፤ አላፏጨችምም። ቀኝ እጇ «ሬዲዮ» በሚሏት ጓደኛዋ እጅ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ሲጀመር በጨለማው ውስጥ ዳብሳ የያዘቻት ሬዲዮ ናት። አሁን የሬዲዮ መዳፍ ረጥቧል። ሹክሹክታ ቀስ ብላ ዞር ስትል ሬዲዮ እጇን መንጭቃ ወሰደች፣ ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረግ አደረገች፣ ከዚያም ከኋላ ወደተቀመጡት የክፍላቸው ልጆች ዞራ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች።

«አቦ! ስልክ እያወራ የሚዘፍን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሁለቱንም ቅጽል ስሞች ያወጣላቸው ክፍሉ ነው። ሹክሹክታ መልስ ስትመልስ አስተማሪው ሦስት ጊዜ ሳያስደግሟት አይሰሟትም። ሬዲዮ ደግሞ መዝጊያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዷ ታነባለች። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ግቢው በሙሉ በድምፅ ማጉያው የሚሰማው ነገር ከሹክሹክታ እጅ ወጥቶ በሬዲዮ አፍ የሚነገር ነው።

ተውኔቱ አዲስ ነው፤ ሙዚቃዊ ተውኔት። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የጠላው ሰው አልነበረም። ጭፈራው፣ መለከቱ፣ በሽክርክሪት የሚወርደው መብራት ሁሉንም አንድ ላይ አስጨብጭቧል። ጉዱ የፈላው መጨረሻው ላይ ነው። ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ዝም አሉና አንድ ክላርኔት ብቻ ቀረ። በመድረኩ አንድ ጥግ አንዲት ሴት የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች፤ በሌላው ጥግ አንዲት ልጅ ቆማለች። በሁለቱም ጆሮ ላይ ስልክ አለ። 

«በላሽ?» ትላለች ሴትዮዋ እየዘፈነች።

«በላሁ።»

«ተኛሽ?»

«ተኛሁ።»

«ብርድ አለ?»

«የለም።»

ይኸው ነው። ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሌላ ቃል አልተጨመረም። ዜማው ግን በየዙሩ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። ቃላቱ ታች ቀሩ። ጫፉ ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቆረጠ፣ መጋረጃው ተዘጋ። መገናኘት የለ፣ መተቃቀፍ የለ፣ የመሰናበቻ ጭፈራ የለ።

ሹክሹክታ እነዚህን ጥያቄዎች በቃሏ ታውቃቸዋለች። ለዚያ ነው መነሳት ያቃታት።

መውጫው አዳራሽ ውስጥ ጠቡ ቀጠለ። አንድ ክራባት ያሰሩ ሰውዬ ትኬት ቆራጯን ይዘው፣ «ታሪኩን ሳይጨርሱ መጋረጃ ይዘጋሉ እንዴ? ቀሪውን ቤቴ ሄጄ ልዝፈነው?» ይሏታል። አንዲት ነጠላ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ እናት ጣልቃ ገቡና፣ «አልቋል እኮ ጌታዬ፤ እርስዎ ነዎት ያልጀመሩት» አሏቸው። ትኬት ቆራጯ፣ «እባካችሁ በወረፋ ተጣሉ፣ በሩን አትዝጉብኝ» አለች።

የሚኒ ሚዲያው አምስት ልጆች ደረጃው ላይ ተሰበሰቡ። በክበቡ ደንብ መሠረት ያዩትን ነገር የሚተቹት በአንድ ድምፅ ነው፤ እጅ ይወጣል፣ የበዛው ያሸንፋል፣ ጸሐፊዋ የበዛውን ትጽፋለች። ደንቡን ያወጡት ክበቡን የሚመሩት ቲቸር ናቸው። አምና ሁለት ልጆች ስለ እግር ኳስ ጨዋታ ማይክ እየተናጠቁ የእረፍቱን ሰዓት ከጨረሱት ወዲህ የመጣ ነው።

«ደባሪ ነበር የምትሉ?» አለች ሬዲዮ። የራሷን እጅ ቀድማ አወጣች። ሁለት እጆች ተከተሏት።

«አሪፍ ነበር የምትሉ?»

ከሁሉም የሚያንሰው የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ብቻውን እጁን አነሳ፤ ዙሪያውን አየና ግማሽ አወረደው።

የሹክሹክታ እጅ በሁለቱም ጊዜ ቦርሳዋ ላይ ነበር።

«በይ እንግዲህ ሹክሼ፣ አስቂኝ አድርጊና ጻፊው» አለች ሬዲዮ፤ ዓይኗን ሳታሳያት። «ግቢውን በሳቅ ነው የምገለው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሹክሹክታ አባቷ ፀጉር ቤት ውስጥ የተቆረጠ ፀጉር ትጠርጋለች። አባቷ አንድ ወፍራም ደንበኛ እየቆረጡ ነው። ሰውዬው በመስታወቱ ውስጥ አይተዋት፣ «ያንን ሙዚቃዊ ተውኔት ትናንት አየሽው አሉ» አሏት። «እኛም ሐሙስ አየነው። ሚስቴ ስታለቅስ እኔ ሆዬ እንቅልፌን ለጥጬዋለሁ። ይኸው ሁለት ቀኔ፣ 'በላህ?' እንኳን ያለኝ የለም።»

አባቷ ሳቁ። «ምንድን ነው እሱ? ምን ብለው ነው የሚዘፍኑት?»

«ምንም» አለች ሹክሹክታ። «በስልክ ነው። በላሽ ትላታለች፤ በላሁ ትላታለች። ተኛሽ ትላታለች…»

የመቁረጫው ማሽን ድምፅ ቆመ። አባቷ ማሽኑን እያገላበጡ አዩት፤ ደህና የሚሠራውን ማሽን እፍ እፍ አሉበት። ከዚያ መልሰው ከፈቱትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

እናቷ ቀያሽ ናት። ከቤት ከወጣች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት፤ ማንም ባልሄደበት ብርዳማ ተራራ መሐል የሚያልፍ መንገድ ትለካለች። ካምፑ ውስጥ ኔትወርክ የለም። እሁድ እሁድ በአሥር ሰዓት፣ በሥራ ጫማዋ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ትደውላለች። ቤት ውስጥ የእሁድ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ቻርጅ ይደረጋል፤ ከምሳ በኋላ ማቀዝቀዣው ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም።

በትምህርት ቤት ይህን የሚያውቅ የለም። ለወላጆች ስብሰባ አባቷ ሲመጡ «እናትሽስ?» ያላት ሁሉ፣ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይባላል። ሬዲዮ እንኳን «ለሥራ ወጣ ብላለች» ከማለት በላይ አልሰማችም። ሹክሹክታ ናፍቆቷን ሰው ፊት ማውጣት በውስጥ ልብስ የመታየት ያህል ነው የሚመስላት።

እሁድ ከምሳ በኋላ አስቂኙን ጽሑፍ ጻፈች። አላስቸገራትም። «'በላሽ?' እያሉ ስምንት ደቂቃ ጠየቋት። እኛን ግን ማንም አልጠየቀንም፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስንም።» ብዕሯን ስታስቀምጥ ስልኩ ማቀዝቀዣው ላይ ተንቀጠቀጠ።

በመጀመሪያ የሚሰማው ሁልጊዜ ትንፋሽ ነው። እናቷ ከኮረብታው ጫፍ ደርሳ እስትንፋሷ እስኪመለስ ድረስ ጠብቃ አታውቅም። ከኋላዋ ነፋስ ይጮኻል።

«እሙዬ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ እማዬ።»

«በላሽ?»

ሹክሹክታ ግድግዳውን ተደገፈች። በጆሮዋ ውስጥ ክላርኔቱ ጀመረ።

«በላሁ።»

«አባትሽስ?»

«ደህና ነው።»

«ትምህርትስ?»

«ጥሩ ነው።»

ዜማው ከፍ አለ። የምትለው አንድ ቃል ነው፤ ናፍቀሽኛል ማለት ብቻ። አፏን ከፈተች።

«አንቺ ጋ ብርድ አለ?» አለች።

«የለም የኔ ልጅ፣ እንዲያውም ይሞቃል…» ነፋሱ ሲጮኽ፣ ጥርሷ በብርድ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

አባቷ ከበሩ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ስክሪኑን አዩት፣ መልሰው ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡት። «መቼም ደህና ናት» አሉ። «ደህና ናት» አለች ሹክሹክታ።

ክፍሏ ገብታ ደብተሯን ገለጠች። አስቂኙን ጽሑፍ አልቀደደችውም፤ ክበቡ ያዘዘው ነውና አጥፋ ኪሷ ከተተችው። በሌላ ገጽ ላይ ግን ሌላ ጽሑፍ ጀመረች። ይኸኛው አስቸገራት።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሬዲዮ አስቂኙን ጽሑፍ አነበበችው። የሴትዮዋን ድምፅ አቅጥና፣ የልጅቷን አውፍራ፣ በመሐል ራሷ ሆዷን እያስጮኸች። ከጠባቧ የማጉያ ክፍል መስኮት ግቢው ሲንከተከት ይታያል። አንድ ልጅ ሳንድዊቹን ይዞ ወደ ማጉያው እየዘረጋ፣ «እንኪ ብይ!» ይላል። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ግን ጥግ ቆሞ ጫማውን ያያል።

ደወሉ ሊደወል አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ቲቸር» አለች ሹክሹክታ፣ «እኔም ላንብብ?»

በሩ ላይ የቆሙት ቲቸር እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ምን አልሽ?»

«እኔም ላንብብ?»

«አልተሰማኝም ልጄ።»

«እኔም ላንብብ!»

ከልጆቹ አንዱ፣ «ኧረ እጅ አውጥተን ጨርሰናል እኮ» አለ።

ቲቸር ሰዓታቸውን አዩ። «የክበቡ ተነቧል» አሉ። «ይኸኛው የእሷ ነው። ግን ሦስት ደቂቃ ነው ያለሽ፤ አራተኛዋን ደወሉ ይወስዳታል።»

ሹክሹክታ ሌላውን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ሬዲዮ ቀድማ ተቀበለቻት፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቶሎ ቶሎ በዓይኗ ሮጠችበት። ግማሽ ገጽ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

ገጹ ላይ፣ «አጠገቤ የነበረችው ልጅ እጄን ይዛ ታለቅስ ነበር» ይላል።

ቀና ብላ አየቻት። ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ተሰምታ አታውቅም። አሁን ግን ከሹክሹክታ ጆሮ ሥር፣ «በናትሽ…» ብቻ አለች፤ የቀረውን ሳትጨርስ።

ሹክሹክታ ልትቆጣ ትችል ነበር። ዓርብ ዕለት ደረጃው ላይ የሬዲዮ እጅ ቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ሳቅ ባልተሳቀ። ግን የራሷም እጅ ቦርሳዋ ላይ እንደነበር አልረሳችም። ብዕሯን አወጣች፤ ያቺን መስመር ብቻ፣ ማንም እንዳያነባት አድርጋ ሰረዘቻት። ቀሪው የራሷ ነው።

ማይኩ ፊት ተቀመጠች። ብረቱ ቀዝቅዟል። በመስኮቱ ግቢው ሁሉ ይታያል፤ አሁንም የሚሳሳቁ አሉ፤ «በላሽ?» እየተባባሉ የሚጎሻሸሙ አሉ። ድምፄ ግቢው ይቅርና ይቺን ክፍል እንኳን አይሞላም ብላ አሰበች።

ሬዲዮ ይህን አውቃለች። ማጉያው አጠገብ በርከክ አለች፣ የድምፁን ቁልፍ ያዘችና እስከ መጨረሻው አዞረችው።

«በሹክሹክታም ብታወሪ ይሰማል» አለቻት።

ሹክሹክታ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ የወጣው ቃል ሳይሆን ትንፋሿ ነበር። በአራቱም ማጉያዎች በኩል ወጥቶ ግቢውን ሞላው፤ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ከታች የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ ቀና አሉ። እሷም ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ማንበብ ጀመረች።

«እናቴ እሁድ እሁድ በአሥር ሰዓት ኮረብታ ትወጣለች።»